የተጨናነቀ ክፍል የማኅበር ጉዳይ ነው? ለአንድ የመምህራን ተወካይ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በመንግሥት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። በአንዱ ክፍሌ 62 ተማሪዎች አሉ፤ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ይካፈላሉ። በቅርቡ ባልደረቦቼ የመምህራን ማኅበራችን ተወካይ አድርገው መረጡኝ። የክፍሎቹን መጨናነቅ ለድርድር እናቅርብ ብል ግማሾቹ የማኅበር ሥራ ደመወዝ ማስጨመር ነው፣ የተማሪ ጉዳይ የመንግሥት ነው አሉኝ። ሌሎቹ ደግሞ አድማ ካልመታን ማንም አይሰማንም ይላሉ። ርእሰ መምህሩ ማኅበሩ በዚህ ጉዳይ ሥልጣን የለውም ብለውኛል። ወላጆችም የምንጮኸው ለራሳችን ይመስላቸዋል። ማኅበር ስለ ተማሪዎች መሟገት ይችላል? ከቻለስ ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ ይችላል። የሚከብደው የተሟገቱበት ነገር ወረቀት ላይ እንዲሰፍርና ከወረቀቱም ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ እንዲታይ ማድረጉ ነው። «ለትምህርት ጥራት እንታገላለን» የሚል መግለጫ ከ62ቱ ተማሪዎች አንዱን እንኳ አይቀንስም። ስለዚህ የምጽፍልዎ በአብዛኛው ስለ ቆጠራ፣ ስለ አንቀጽ አጻጻፍና ስለ በጀት ነው። ጉዳዩ ደረቅ ነው፤ ማኅበራት የሚያሸንፉትም የሚሸነፉትም ግን እዚያ ላይ ነው። የሚሠሩበትን አገር ስላልጠቀሱ ምሳሌዎቹን ከየቦታው እወስዳለሁ፤ ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከርእሰ መምህሩ አባባል ልነሣ። «ሥልጣን የላችሁም» ያሉት በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የትኛውን ሥልጣን ማለታቸው እንደሆነ ይጠይቋቸው። የመንግሥት መምህራን በኅብረት እንዲደራደሩ በሚፈቀድባቸው ብዙ ቦታዎች ሕጉ ጉዳዮችን በሦስት ይከፍላል። አንደኞቹ አሠሪው ወደደም ጠላም የሚደራደርባቸው ናቸው፤ ደመወዝ ከእነዚህ አይጠፋም። ሁለተኞቹ አሠሪው ፈቃደኛ ከሆነ ብቻ የሚነሡ ናቸው። ሦስተኞቹ ጨርሶ ለድርድር የማይቀርቡ ናቸው። የክፍል ተማሪ ቁጥር ከሦስቱ በየትኛው እንደሚመደብ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ እዚያው ቦታም ከዘመን ዘመን ይለወጣል። የአሜሪካዋን ቺካጎ ከተማ እንመልከት። በ1995 የወጣ ሕግ የክፍል ቁጥርን ከድርድር አስወጥቶት ነበር፤ በ2003 አሠሪው ከፈቀደ ይቻላል ተባለ፤ ገደቡ የተነሣው በ2021 ነው። መምህራኑ ግን 2021ን አልጠበቁም። በ2019 ለ11 የትምህርት ቀናት ከቆየ አድማ በኋላ፣ የስምምነቱ ዘመን ሳያበቃ በየትምህርት ቤቱ ነርስና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ እንዲመደብ፣ ለተጨናነቁ ክፍሎች ማቃለያም በየዓመቱ 35 ሚሊዮን ዶላር እንዲያዝ አስፈርመዋል። አሠሪው «አልገደድም» የሚልበት ጉዳይ ወላጁና ከተማው ሲጠይቁት ወደ ጠረጴዛው የሚመጣበት ጊዜ አለ።

በሌላ በኩል፣ መደራደር ባይፈቀድ እንኳ መናገር አልተከለከለም። በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ የኅብረት ስምምነት እንዳይፈርም ይከለክላል፤ የመምህራን ማኅበር ግን አለ፤ ለሕግ አውጪው ጥያቄ ያቀርባል፣ አባላቱን ያስተባብራል። ይህ የሙግት ሥራ ነው፤ ከድርድር የሚለየው በመጨረሻ የሚፈረም ውል ስለሌለው ነው። ዓለም አቀፉ መመዘኛም ከእርስዎ ጎን ነው። ዩኔስኮና የዓለም የሥራ ድርጅት አዘጋጅተውት ጥቅምት 5 ቀን 1966 ፓሪስ ላይ የጸደቀው የመምህራንን ደረጃ የሚመለከት ሰነድ፣ የመምህራን ድርጅቶች ለትምህርት እድገት ብዙ ሊያበረክቱ የሚችሉ ኃይሎች መሆናቸው እንዲታወቅና በፖሊሲ ቀረጻ እንዲሳተፉ ይጠይቃል። የክፍል ተማሪ ቁጥርም መምህሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ ትኩረት እንዲሰጥ የሚያስችል እንዲሆን በግልጽ ይመክራል። ሰነዱ ምክረ ሐሳብ እንጂ አስገዳጅ ስምምነት አይደለም፤ ፍርድ ቤት ይዘውት ቢሄዱ ብቻውን አያስፈርድልዎትም። «የተማሪ ጉዳይ አያገባችሁም» ለሚል ሹም ግን በቂ መልስ ነው።

አሁን ወደ ባልደረቦችዎ። የደመወዙን ወገን አይናቋቸው። መምህር በየዓመቱ የሚለቅበት ትምህርት ቤት ተማሪውን ይጎዳል፤ መምህሩን የሚያስለቅቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደመወዙ ነው። የአሜሪካዋ ዊስኮንሰን በ2011 ባወጣችው ሕግ የመምህራንን ድርድር በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ብቻ ወሰነች፤ ጭማሪውም ከዋጋ ንረት እንዳያልፍ ገደበች፤ ለጡረታና ለጤና መድን የሚያዋጡትንም ከፍ አደረገች። በማግሥቱ ጡረታ የሚወጡ መምህራን ቁጥር አሻቀበ። ልምድ ያለው መምህር ሲሄድ ቀድሞ የሚያውቀው ተማሪው ነው። ስለዚህ ደመወዝና የተማሪ ጥቅም ጠላቶች አይደሉም።

ነገር ግን በማኅበራት ስብሰባ ሁሉ የሚስተጋባውን «የመምህሩ የሥራ ሁኔታ የተማሪው የመማር ሁኔታ ነው» የሚለውን መፈክር እንዳለ አይዋጡት። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ልምድ ያላቸው መምህራን ቅድሚያ መርጠው ወደ ተመቹ ትምህርት ቤቶች እንዲዛወሩ የሚያደርግ አንቀጽ መምህሩን ይጠቅማል፤ በሩቁና በድሃው ትምህርት ቤት ያለውን ተማሪ ግን ከጀማሪ ወደ ጀማሪ ሲያሸጋግረው ይኖራል። ወላጆች ይህን ያውቃሉ። የሚሸሿችሁም ሁለቱ ጥቅሞች አንድ እንደሆኑ አድርጋችሁ ስትቀርቡ ነው። «ይኼኛው ጥያቄ የእኛ ነው፤ ያኛው የልጆቻችሁ ነው፤ በዚያኛው አብረን እንቁም» ብሎ የሚለይ ተወካይ ይሰማል።

ከየት ልጀምር ላሉት መልሱ ከቆጠራ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ። የክፍሎቹን መጨናነቅ ሲያነሡ የትምህርት መምሪያው «የተማሪ መምህር ጥምርታችን አንድ ለ38 ነው» ሊልዎ ይችላል። ውሸት ላይሆን ይችላል፤ የጠየቁትን ግን አልመለሰም። ጥምርታ የተማሪዎች ጠቅላላ ቁጥር ለመምህራን ጠቅላላ ቁጥር ሲካፈል የሚገኝ ነው። 1,900 ተማሪዎችና 50 መምህራን ያሉበት ትምህርት ቤት ጥምርታው 38 ነው። ተማሪው በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥና መምህሩ 20 ክፍለ ጊዜ ቢያስተምር ግን በአንድ ክፍል በአማካይ የሚቀመጠው 57 ተማሪ ነው። አንድም ሰው አልዋሸም፤ በ38ና በ57 መካከል ያለው ልዩነት የተፈጠረው መምህሩ ቀኑን ሙሉ ስለማያስተምር ብቻ ነው፤ እርማቱን የሚሠራበትና ትምህርቱን የሚያዘጋጅበት ጊዜ ደግሞ ያስፈልገዋል። እንደ መምህር የተቆጠሩት ውስጥ የማያስተምሩ አስተዳዳሪዎች ካሉ ልዩነቱ የባሰ ይሰፋል። ስለዚህ ጥያቄዎ በጥምርታ አይጻፍ፤ በአማካይም አይጻፍ፤ 30ና 84 ተማሪ የያዙ ሁለት ክፍሎች አማካያቸው 57 ነው። መጻፍ ያለበት በእያንዳንዱ ክፍል ሊቀመጥ የሚችለው ከፍተኛ ቁጥር ነው።

ቆጠራውን ምዝገባው ከረጋ በኋላ ያድርጉት፤ በመጀመሪያው ሳምንት የተወሰደ ቁጥር «ገና ይስተካከላል» ተብሎ ይጣላል። በየክፍሉና በየትምህርት ዓይነቱ የተገኘውን ተማሪ፣ የመቀመጫውንና የመጽሐፉን ቁጥር፣ ቀኑንና የቆጣሪውን ስም ይመዝግቡ፤ ሁለት ሰው ይፈርምበት። የተማሪ ስም አይግባበት፤ የልጆች ፎቶግራፍም አያንሡ። የተጨናነቀ ክፍል ፎቶግራፍ በማኅበራዊ መገናኛ ቢዘዋወር ለጊዜው ይሞቃል፤ ነገሩ ግን ወዲያው ከክፍሉ መጨናነቅ ወጥቶ የልጆችን ምስል ያለ ወላጅ ፈቃድ ወዳሰራጨው መምህር ይዞራል፤ ተከሳሹ እርስዎ ይሆናሉ።

ከቆጠራው ቀጥሎ የአንቀጹ አጻጻፍ ይመጣል። «አሠሪው የክፍል ተማሪዎችን ቁጥር ለመቀነስ የተቻለውን ጥረት ያደርጋል» የሚል ዐረፍተ ነገር ለማስፈረም ሌሊቱን ሲደራደሩ ያነጉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሲፈርሙ ተጨባብጠዋል፤ በዓመቱ ክፍሎቹ እንደነበሩ ናቸው። ጥረት አልተደረገም ብሎ ማስረዳት የሚችል ማንም የለም። የሚሠራ አንቀጽ ቁጥሩን ይናገራል፤ የሚቆጠርበትን ቀን ይወስናል፤ ቁጥሩ ሲያልፍ ምን እንደሚደረግና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚደረግ ይደነግጋል፤ ካልተደረገም ጉዳዩ ለማን እንደሚቀርብና የማን ውሳኔ እንደሚጸና ያስቀምጣል። ለምሳሌ፦ «ትምህርት ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ በ20ኛው የሥራ ቀን በሚደረግ የጋራ ቆጠራ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ቁጥር ከ50 ካለፈ፣ አሠሪው በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ክፍሉን ለሁለት ይከፍላል ወይም ረዳት መምህር ይመድባል፤ ይህ ካልተፈጸመ ጉዳዩ ለገላጋይ ቀርቦ የሚሰጠው ውሳኔ ሁለቱንም ወገን ያስገድዳል።» ቁጥሮቹን እንደ ሁኔታችሁ ቀይሯቸው፤ አካሉ ግን ይህን ይምሰል።

ከፈረማችሁ በኋላም ማምለጫ ቀዳዳውን ፈልጉ። የሎስ አንጀለስ መምህራን ስምምነት ለዓመታት የክፍል ቁጥር ጣሪያ ነበረው፤ እዚያው ሰነድ ውስጥ ግን የገንዘብ ችግር ሲገጥም አሠሪው ጣሪያውን ብቻውን እንዲያልፍ የሚፈቅድ ንዑስ አንቀጽ ተቀምጦ ነበር። የገንዘብ ችግር የማይገጥመው የትምህርት አስተዳደር የት ይገኛል? ጣሪያው በወረቀት ላይ ቀረ። በ2019 ከ30,000 በላይ መምህራን ለስድስት የትምህርት ቀናት ሥራ ያቆሙበት አንዱ ምክንያት ያንን ቀዳዳ መድፈን ነበር፤ ንዑስ አንቀጹም ተሰረዘ። እርስዎ ገና ስላልፈረሙ ያንን መንገድ ማሳጠር ይችላሉ፤ «እንደ አስፈላጊነቱ»፣ «በጀት ሲፈቅድ»፣ «ልዩ ሁኔታ ካልገጠመ» የሚሉ ሐረጎች በረቂቁ ውስጥ ካዩ ብዕርዎን ያስቀምጡ።

ማኅበሩና ተማሪው የሚለያዩበት ትልቁ መንታ መንገድ የሚመጣው በማካካሻው፣ ማለትም ቁጥሩ ጣሪያውን ሲያልፍ አሠሪው በሚያደርገው ነገር ላይ ነው፤ ብዙዎች ሳያስተውሉት ያልፋሉ። አሠሪው በድርድሩ መካከል «ቁጥሩ ሲያልፍ ለመምህሩ በእያንዳንዱ ትርፍ ተማሪ ተጨማሪ ክፍያ እንስጥ» ብሎ ሊያቀርብ ይችላል። ክፍል ከመሥራትና መምህር ከመቅጠር ይህ ይረክሳል። አባላትዎ ደስ ይላቸዋል። ተማሪዎቹ ግን 62 እንደሆኑ ይቀራሉ፤ ጭራሽ መጨናነቁ ለመምህሩ የገቢ ምንጭ ይሆንና ለመቀነስ የሚጮህ ሰው ይጠፋል። ክፍያውን ፈጽሞ አትቀበሉ አልልም፤ 62 ፈተና የሚያርም መምህር የሠራበትን ማግኘት ይገባዋል። ነገር ግን ክፍያው ክፍሉን ለሁለት ከመክፈል ግዴታ ጎን የሚቆም ቅጣት ይሁን እንጂ ግዴታውን የሚተካ አይሁን፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥርም ይጨምር፤ ለአሠሪው ገንዘቡን ከመክፈል ይልቅ ማስተካከሉ እስኪቀለው ድረስ። ወላጆች ማኅበራችሁን የሚመዝኑት በዚህ አንድ አንቀጽ ቢሆን አያስገርመኝም።

የክፍል ተማሪ ቁጥር መቀነስ በራሱ ሁሉን እንደሚያድንም አድርገው አይቅረቡ። ጠንካራው ማስረጃ በአሜሪካዋ ቴነሲ በ1985 የተጀመረው ሙከራ ነው፤ 79 ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከ11,000 በላይ ሕፃናት ከ13 እስከ 17 ወይም ከ22 እስከ 25 ልጆች ወዳሉባቸው ክፍሎች በዕጣ ተመደቡ። በአነስተኞቹ ክፍሎች የነበሩት በንባብና በሒሳብ የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀሙትም የጥቁሮችና የድሆች ልጆች ነበሩ። ይህ ግን ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ነው፤ ቁጥሩም ከእርስዎ ክፍል እጅግ የራቀ ነው። ከ62 ወደ 50 ሲወርድ ቴነሲ ላይ የታየው ውጤት ይታያል ብሎ ማንም ሊምልልዎ አይችልም። ካሊፎርኒያ በ1996 ያንን ውጤት ተከትላ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ወደ 20 ልጆች ለማውረድ ስትጣደፍ መምህርና ክፍል አጠራት፤ ሙሉ የማስተማር ፈቃድ የሌላቸው ብዙ ሰዎች ተቀጠሩ፤ ከድሃ ትምህርት ቤቶችም ልምድ ያላቸው መምህራን በአዲስ ወደተከፈቱት ቦታዎች ሄዱ። ጥያቄዎ ከታችኛዎቹ ክፍሎችና ከባሰባቸው ክፍሎች የሚጀምር፣ በዓመታት የተከፋፈለና የመምህራን ቅጥር ዕቅድ ያለው ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ገንዘቡ። ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሰው ብዙ ጊዜ የበጀት ሥልጣን የለውም። በኬንያ በ2015 ፍርድ ቤት ለመምህራን ከ50 እስከ 60 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ወሰነላቸው፤ መንግሥት ገንዘብ የለኝም አለ፤ መምህራኑ ከመስከረም መጀመሪያ አንሥቶ ለአምስት ሳምንታት ያህል ሥራ አቆሙ፤ በኅዳር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። በጀት ያልተያዘለት ድል ምን ያህል ስስ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ስለዚህ ሥራው ሁለት ፊት አለው፤ ከአሠሪው ጋር መደራደር አንዱ ነው፤ በጀቱን የሚያጸድቀውን ምክር ቤት ማሳመን ሌላው ነው። የበጀት ረቂቅ የሚዘጋጅበትን ወር ይወቁ፤ ጥያቄዎ ከዚያ ወር በኋላ ከቀረበ ትክክል መሆኑ ብቻውን አይረዳውም፤ ለከርሞ ይሻገራል። ማኅበሩ ክፍል ለሁለት ለመክፈል የሚያስፈልገውን ወጪ ራሱ አስልቶ ማቅረብ አለበት፤ ስንት መምህር፣ ስንት ክፍል፣ ስንት መጽሐፍ። አሠሪው የራሱን ስሌት ይዞ ሲመጣ የሚከራከሩበት ቁጥር ከሌለዎት በእርሱ ቁጥር ላይ ይቆማሉ።

የአድማ ወገን የሆኑትን ባልደረቦችዎን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሕጋችሁን አንብቡ። የጀርመን የፌዴራል ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2018 ቋሚ የመንግሥት ሹመት ያላቸው መምህራን አድማ መምታት እንደማይችሉ ወስኗል፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2023 ይህን ክልከላ አልሻረውም። በኒው ዮርክ ግዛት ሕግ አድማ የመታ የመንግሥት ሠራተኛ ያልሠራበት ቀን ደመወዝ ከመቅረቱ በላይ ለእያንዳንዱ ቀን የአንድ ቀን ደመወዝ ይቀጣል። የዓለም የሥራ ድርጅት ተቆጣጣሪ አካላት በበኩላቸው ትምህርት ቢቋረጥ ሕይወት ለአደጋ የሚጋለጥበት አገልግሎት ስላልሆነ መምህራን የአድማ መብት ሊኖራቸው ይገባል ይላሉ፤ አድማው ሲረዝም ግን አነስተኛ አገልግሎት እንዲቀጥል መጠየቅ እንደሚቻል ይቀበላሉ። የአገርዎ ዳኛ ከሁለቱ ወደየትኛው እንደሚያደላ ሳያጣሩ ባልደረባዎን ወደ ቅጣት አይምሩ።

ሁለተኛው ነገር አድማ ተማሪውን የሚያስከፍለው ዋጋ ነው፤ ይህን ለአባላት የሚነግር ተወካይ አይወደድም፤ መነገር ግን አለበት። በአርጀንቲና የመምህራን አድማዎች ላይ በ2019 የታተመ ጥናት፣ በአንደኛ ደረጃ ዘመናቸው በአማካይ 88 የሚያህሉ የትምህርት ቀናትን በአድማ ያጡ ልጆች ካደጉ በኋላ ገቢያቸው በወንዶች 3.2 በመቶ፣ በሴቶች 1.9 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ አግኝቷል። ይህ ስለ ብዙ ወራት መቋረጥ እንጂ ስለ አንድ ሳምንት አይናገርም፤ አድማ ሁሉ ልጅ ያበላሻል ብለው እንዳይተረጉሙት። የሚናገረው አድማ ሲለመድና ሲደጋገም፣ ያመለጠው ትምህርትም ሳይካካስ ሲቀር ነው። በአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በ2018 የ55ቱም ወረዳዎች መምህራን ለዘጠኝ የትምህርት ቀናት ሥራ ሲያቆሙ፣ ምሳቸውን በትምህርት ቤት ለሚበሉ ልጆች አስቀድመው ምግብ አዘጋጅተው ነበር፤ የማካካሻ ትምህርትም እንዲሁ ከአድማው በፊት ሊታቀድ ይገባዋል። ጥናት፣ አቤቱታ፣ የጋራ ስብሰባ፣ አስማሚ፣ ገላጋይ ሁሉ ሳይሞከር ወደ አድማ የሄደ ማኅበር ወላጁን በመጀመሪያው ሳምንት ያጣዋል። እርስዎ ደግሞ አሁን ወላጁን ገና አላገኙትም።

ወላጆችን የሚያገኟቸው ጥያቄው ሳይቀረጽ በፊት ነው። አንቀጹ አልቆ ፊርማ እንዲያሰባስቡ የተጠሩ ወላጆች አጃቢዎች እንደሆኑ ይገባቸዋል። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በምትገኘው ሴንት ፖል ከተማ የመምህራን ማኅበር ከድርድሩ አስቀድሞ ከወላጆች ጋር ተሰብስቦ የሚፈልጉትን ትምህርት ቤት ጠይቋቸው፣ ከዚያ የወጣውን ወደ ድርድሩ አምጥቶታል። እርስዎም ቆጠራውን ያሳዩአቸው፤ ከመጨናነቁ የከበደባቸው ሌላ ጉዳይ ካለ ይስሙ፤ ምናልባት መጽሐፉ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት መጸዳጃው። ከዚያ አብራችሁ አንዱን ምረጡ። ይህን ሁሉ በተማሪ በኩል አያድርጉት። በክፍል ሰዓት ስለ ማኅበሩ ጥያቄ መናገር፣ በልጆች እጅ ደብዳቤ መላክ፣ ተማሪዎችን ሰልፍ ማስወጣት ለአሠሪው የዲሲፕሊን ክስ ያቀብለዋል፤ ከዚያም በላይ ውጤታቸው በእጅዎ ያለ ልጆችን ወደ ራስዎ ክርክር ማስገባት ተገቢ አይደለም።

ወላጆች «ማኅበሩ ሰነፍ መምህራንን ይሸፍናል» ማለታቸው አይቀርም። ማኅበር የተከሰሰ አባሉ እንዲሰማና ማስረጃው እንዲታይ ይጠብቃል፤ መምህሩ ጥሩ ነው ብሎ አይመሰክርም። ይህን በአጭሩ ይመልሱና ይለፉ፤ በዚህ ላይ የሚከራከሩበት ስብሰባ ስለ ክፍሎቹ የሚናገሩበትን ጊዜ ይበላል።

እንግዲህ የማምነውን ልንገርዎ። በዚህ ዓመት አንድ የተማሪ ጥያቄ ብቻ ይያዙ፤ እርሱም የክፍል ተማሪ ቁጥር ጣሪያ ከነማካካሻው ይሁን፤ ወላጆች ሌላ ከመረጡ ደግሞ የእነርሱ ይሁን። የደመወዙን ጥያቄ ከእርሱ ጋር አያጣብቁት፤ በራሱ ስምና በራሱ ገጽ ይቅረብ። ሁለቱን ካጣበቋቸው አሠሪው ደመወዙን ሰጥቶ ክፍሉን ይገዛችኋል፤ በድርድር መጨረሻ ሰዓት የሚጣለው ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ ተከራካሪ የሌለው ጉዳይ ነው፤ ተማሪው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የለም። ስለዚህ የማኅበሩ ተደራዳሪዎች ድርድሩ ሳይጀመር የክፍሉን አንቀጽ ያለ ጠቅላላ ጉባኤ ፈቃድ እንደማይጥሉት በቃለ ጉባኤ ይወስኑ። የአድማ ድምፅ በዚህ ዓመት አያስጠሩ። ቆጠራ የለዎትም፣ ወላጅ የለዎትም፣ የበጀት ስሌት የለዎትም፤ እነዚህ ሳይኖሩ የሚጠራ አድማ ለአሠሪው ስጦታ ነው።

የመጀመሪያውን ቆጠራ ሲጨርሱ ዋናውን ከሸኚ ደብዳቤ ጋር ለርእሰ መምህሩ፣ ግልባጩን ለትምህርት መምሪያውና ለወላጆች ኮሚቴ ያስገቡ። በየቅጂው ላይ የተቀበለው ሰው ስም፣ ፊርማና ቀን ያስሰፍሩ፤ መልስ የሚጠብቁበትንም ቀን በደብዳቤው ላይ ይጻፉ። ያ ቀን ሲያልፍ ወደ አስማሚ ወይም ወደ ምክር ቤት የሚሄዱት በዚያ ወረቀት ነው።